ከኋላ ወደ ፊት

የዓመቱን ሪፖርት ከኋላ ነው የማነበው፣
ከፎቶው ሳይሆን ከግርጌ ማስታወሻው።
ሊቀ መንበሩ ፊት ለፊት ይስቃል፤
ዕዳው ግን ከኋላ፣ በደቃቅ ፊደል ይደበቃል።

ሠላሳ ሁለት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
የሰው ጥጥ ስመዝን፣ የሰው ሒሳብ ስለካ፣
ገባኝ፦ «ቁጥር አይዋሽም» የሚሉ ሰዎች
አላዩም የኔን አለቆች።

አሁን ደሴ ነኝ፣ ሆጤ፣ ጉም ደጄን ሲዘጋው፣
መብራት ሲጠፋ በሻማ አሰላለሁ፣ ሌሊቱን ሳነጋው።
ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀት አለ፣
ሁለት አክሲዮን፤ አንዱ ለጋስ፣ አንዱ ንፉግ ተባለ።

ጦሳ ጭነት ማመላለሻ
ከመቶ ሠላሳ አንድ ሰጠ የትርፍ ድርሻ።
ወንድሜ ይመር በደስታ ዘለለ፣
«አብሽሪ ጀማ! አክሲዮን ማለት ይኼ ነው» አለ፣
«ላም አለኝ በሰማይ ምን ያደርግልኛል?
እጄ የገባው ብር እርሱ ይበቃኛል።»

ሐረጎ ማሸጊያ ግን፣ ያ የካርቶን ፋብሪካ፣
ሰባት ብቻ ጣለልን፣ የይመርን የጫት ወጪ እንኳ በቅጡ ሳይተካ።

እኔ ግን ጠየቅሁ፦ ሠላሳ አንዱ ከወዴት ነው የመጣው?
አንድ ብር ሲያተርፍ ዘጠና ስድስት ሳንቲሙን ካወጣው፣
ጎማ በምን ይገዛል? ሞተር በምን ይታደሳል?
በአራት ሳንቲም ቅባት የትኛው ዳገት ይደረሳል?

አንድ ማክሰኞ ኮምቦልቻ ወረድሁ፤
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ከሚኒባሱ መስኮት ቆጠርሁ፦
ዘጠኝ የጦሳ መኪና፤ አራቱ ቆመዋል በድንጋይ ታኮ፣
አንዱ ሹፌር ከሞተሩ ሥር፣ ካርቶን ላይ ተንበርክኮ።
(ካርቶኑ የሐረጎ ነበር፤ ማኅተሙን አይቻለሁ።)

ሪፖርቱ «የእርጅና ቅናሽ» ይለዋል፣ በአንድ መስመር፤
እኔ ግን አየሁት፣ ሲጨስ፣ ዘይት ሲያንጠባጥብ በአስፋልቱ ዳር።
አምስት ዓመት ሙሉ አንድ አዲስ መኪና ሳይጨምሩ፣
ለኛ የሚያከፋፍሉት አሮጌውን ነው፣ እየመነዘሩ።
ይመር የተቀበለው ብር ጎማ ነው፣ ባሌስትራ ነው፤
የሚያርስ በሬ ለቅርጫ ቀረበ፣ እኛም ድርሻችንን ወሰድነው።

ሐረጎ ማሸጊያ በር ላይ ቆምሁ፣ የቆላው ሙቀት እያላበኝ፤
ጥበቃው ሙሄ፣ የድሮ ባልደረባዬ፣ የዘይት በርሜል ላይ አስቀመጠኝ።
«ሦስተኛ ፈረቃ ገባን» አለ፣ «ሌሊቱንም አንተኛም፤
አዲሱ ማሽን ምን ጉድ ነው? ወረቀት ጠግቦ አያውቅም።»
ኦዲተሩ ከፈረመበት ገጽ ይልቅ ይህን አመንሁ፤
ቢሆንም ቤቴ ገብቼ ከገጹ ጋር አስተያየሁ።

ሽያጩ አድጓል፣ ዕዳው ቀንሷል፣ ጥሬ ገንዘቡ ከትርፉ ጋር ይሄዳል፤
ሰባቱን የከፈለው ሳይበደር ነው፤ ይህ ብቻ ስንቱን ይናገራል!
አንድ ነገር አልወደድሁም፦ ግማሹን የሚገዛው አንድ ደንበኛ ነው፤
እርሱ ፊቱን ያዞረ ዕለት የዚያን ማሽን ጉሮሮ በምን ልንዘጋው?
ይህንንም ከዳር፣ በእርሳስ ጻፍሁ።

ማታ ለይመር ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ።
«ጀማ» አለ ቆይቶ፣ «ስልሳ አራት ሞላሽ።
ይህ የምትዪው ዕድገት ስንት ዓመት ይፈልጋል?»
«አሥር» አልሁ። «አሥራ አምስት ቢሆን ይሻላል።»
«ታዲያ?» አለ። ሌላ አልጨመረም።
ጉሙ መስኮቱን ነካ። የሒሳብ ማሽኔ መልስ አልነበረውም።

በማግስቱ አራዳ ወረድሁ።
የጦሳን ሸጥሁ፣ ሁሉንም አይደለም፤ አርባውን ትቼ፣
የግፊት ኪኒኔ በየወሩ ዋጋው ይጨምራል፣ ይህንንም አስልቼ።
በቀረው የሐረጎን ገዛሁ። ቅጹ «የባለአክሲዮን ስም» ይላል፤
እጄ «ጀማነሽ» ሊል ጀምሮ፣ አየር ላይ ቆመ።
«ሐያት ይመር» ብዬ ጻፍሁ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
ከሥሩ አባቷ ፈረመ፣ ስለ ሠላሳ አንዱ ምንም ሳያነሣ።

በኅዳር ሪፖርቱ ሲመጣ ከጎኔ አስቀመጥኋት።
ፎቶውን አይታ፣ «ይህ ሰውዬ ለምን ይስቃል?» አለች።
«ገና አላወቅንም» አልኋት።
«ገልብጪው። ከኋላ እንጀምር።»