የውሃ ላይ ሐሙስ

«በመኪና እኮ ሦስት ሰዓት ነው መንገዱ፣
በመርከብ ሁለት ቀን! ምን ነካህ አንት ጉዱ?»
አለች ትርንጎ፣ ብስኩቱን በፌስታል እያሰረች፣
ሳንቲም የለኝም ብላ በከረሜላ መልስ እየሰጠች።
ዝም አልኳት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲያስቸኩል የኖረ
መዘግየት አማረኝ ብሎ ለማን ተናገረ?

ደዋይ ነበርኩ እኔ፣ አዘዞ፣ ትምህርት ቤት።
ባሕር ዛፍ ላይ ቸርኬ፣ በእጄ አንድ ብረት።
ጧት ሁለት ሰዓት፣ ረፋድ አራት ሰዓት፣
ቀትር ስድስት ሰዓት፤
ቀን ማለት ለእኔ የሚመታ ነገር ነበር፣ ብረት በብረት።

ከጎርጎራ ወደብ፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣
እንቅልፋችንን እንደ ጓዝ ተሸክመን ተነሣን ለመንገድ።
መርከቧ አሮጊት ናት፤ ስትነሣ ታስላለች፣
ጥቁር ጭስ ትተፋና ወገቧን ትይዛለች፣
እምቦጩን በደረቷ ከፍላው ትወጣለች።
ጭነታችን ሽምብራ ነው፣ የተፈታ አልጋ፣
ገመድ የሚያኝክ በግ ከባለቤቱ ጋ፣
ስልኩን ወደ ሰማይ ለኔትወርክ የዘረጋ
ጎረምሳ።
ኔትወርኩ ደልጊ ሳንደርስ ሄደ፤
ልጁም ስልኩን ኪሱ ከቶ ውሃ ማየት ለመደ።

ገመድ ጣዩ ልጅ ዋኘው ነው ስሙ፤
ዋና ግን አያውቅም። «አባቴ በሕልሙ
ውሃ አይቶ ነው አሉ፣ እኔ ስወለድ፣» ይላል፣
«ስሙን ብቻ ሰጥቶኝ ትምህርቱን ረሳው፣» ብሎ ይስቃል።

ከዚያ ምንም።
ምንም ደግሞ እንዴት ሰፊ ነው!
የጎንደር ተራሮች ከኋላ አንድ ጥላ ሆነው
ቀስ ብለው ጠፉ።
ፊቴም ውሃ፣ ኋላዬም ውሃ፣
ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ በረሃ።
አንድ ታንኳ፤ ደንገል የጋለበ አንድ ሰው
እጁን አነሣልን፣ እጄን አነሣሁለት፤
የረፋዱ ትልቅ ወሬ ይኸው ነው።

እና ፀሐይ አናቴ ላይ ስትወጣ፣
ሰዓቴን ሳላይ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣
ቀኝ እጄ ተነሥቶ የመርከቧን አጥር በቀለበቱ መታ፤
ሰባት ጊዜ፣ ሦስቱን ፈጠን፣ አራቱን ረጋ አድርጎ፣
እንደ ልማዱ።
ከሽምብራው ጆንያ ላይ አንዲት ሴት ብድግ አለች፣
ፌስታሏን ሰበሰበች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣
ሁለት እርምጃ ሮጠች፣
ከዚያ ቆማ ዙሪያዋን ውሃ አይታ ሳቀች።
«ጋሼ ደወል! እርስዎ ነዎት ለካ!
ስንት ጧት ረገምኩዎት፣ ያ ቸርኬ ሲንኳኳ፣
ስንት ቀትር መረቅኩዎት!»
ስሟን ነገረችኝ፤ ያለምዘርፍ።
አላስታወስኳትም፤ አልዋሸኋትም።
ስንት ሺ ጀርባ አይቻለሁ በበሩ ሲጋፋ፤
ፊት የመምህር ድርሻ ነው፣ የእኔ እየሮጠ የሚጠፋ።

ቆሎ ሰጠችኝ፣ ብስኩት ሰጠኋት።
ለለቅሶ ነው የምትሄደው፣ ቁንዝላ።
እኔን ስትጠይቀኝ፣ «እስከ ባሕር ዳር ደርሼ ልመለስ፣» አልኳት።
«ለምን?» አላለችም። ይህን ወደድኩላት።

ከሰዓት በኋላ፣ በደቅ ማዶ፣ ዝናብ ቆሞ ሲሄድ አየሁት፣
እንደ ረጅም ሰው፤ እኛ ጋ ሳይደርስ በዓይኔ ሸኘሁት።
ይብራዎች ተርታቸውን ይዘው፣ ማንም ሳይደውልላቸው፣
ወደ ማደሪያቸው በረሩ፤ አንድም አልዘገየባቸው።

ማታ፣ ቁንዝላ ዳር፣ ሞተሩ ጠፋ።
ቀኑን ሙሉ ዝምታ ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነበር፤
ዝምታስ አሁን መጣ፣
ጫማውን አውልቆ ጎኔ ተቀመጠና ሰፋ።

ዋኘው ገመዱን አስሮ የመርከቧን ደወል በጨርቅ ይወለውላል፣
«አባ፣ አንዴ ይምቱልኝ፤ ሰው ይውረድ፣» ይለኛል።
እጄን አየሁት። ጭኔ ላይ ተኝቷል።
«ተወው፣» አልኩት፣ «ሰው መድረሱን ያውቃል።»

ከጆንያው ጀርባ በጉ ጮኸ፤
ሰዉ ሁሉ ወረደ።