በድምፅ ብልጫ

ዊኒፔግ፣ ሰርጀንት ጎዳና፣ የልብስ ማጠቢያ ቤት፤
የመጋቢት መግቢያ፣ የእሑድ ምሽት፤
ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት።
ቤቴ ቴሌቪዥን ሳይጠፋ፣
አንሶላ ታቅፌ በረዶ ስገፋ፣
ማጠቡ ሰበብ ነው፣ ምክንያቴ ሌላ ነው፤
ብቻውን ሲያጨበጭብ የተገኘ ሰው፣
ጎረቤት ምን ይለው?

ማሪቴስ አለች፣ የቤቱ ኃላፊ፣
ቀሚስ አድናቂ፣ ቀሚስ ነቃፊ፤
«ያቺን እያት፣ መጋረጃ ገንጥላ መጣች»
እያለች፣ ሳንቲሙን በወረቀት ትጠቀልላለች።
የኔ ጉዳይ ከቀሚሱ አይደለም፤
ከቀዩ ምንጣፍም፣ ከፈገግታውም።
እኔ አንድ ሰው አለኝ፤
መልኩን የማላውቀው፣ እሱም የማያውቀኝ።

ዘንድሮ አንድ ፊልም አራት ጊዜ ገባሁ፤
ሦስቱን አየሁና አራተኛውን ሰማሁ፤
ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፈንዲሻዬን ጭኔ ላይ ረስቼ።
ሁለት እህትማማች የረጋ ሐይቅ ሲያቋርጡ፣
ቃል ሳይለዋወጡ፣
በረዶው ከእግራቸው ሥር ሲያጉረመርም፤
ያ ድምፅ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ከበረዶ አልነበረም።
አንድ ሰውዬ ነው፣ ጨለማ ክፍል ገብቶ፣
ቆዳ ከረጢት ውስጥ የበቆሎ ዱቄት ሞልቶ፣
እንደ ሊጥ እያሸ፣ ትንፋሹን እየዋጠ፣
ሁለቱን እህቶች በጣቱ አራመዳቸው፤
እሱ ባይኖር ኖሮ ማን እግር ነበራቸው?
መጽሔት ላይ አንብቤ፣ ገጹን ቀድጄ ይዣለሁ፤
ለማሪቴስም አሳይቻለሁ፤
«ዱቄቱን አይጋግሩትም?» ነበር መልሷ።

ሰዓቱ ደረሰ።
የመድረኩ መሪ ቀለደ፣ አዳራሹ ሳቀ፤
ማድረቂያው ዞረ፣ አንሶላዬ ሞቀ።
አንዱ ተጠራ፣ ወጣ፣ አለቀሰ፤
ወኪሉን አመሰገነ፣ ጠበቃውን አወደሰ፣
እናቱን ከደረጃው ሲወርድ አስታወሰ።
ሙዚቃው «በቃህ» አለው፤
እሱ ግን የሐውልቱን አንገት አንቆ፣ ማን ያስለቅቀው!

ከዚያ ማስታወቂያ። መኪና ተራራ ወጣ፤
የራስ ምታት ኪኒን፣ የውሻ ምግብ መጣ።
ሲመለሱ፣ ከስክሪኑ ግርጌ፣ በጉንዳን ፊደል፦
«የድምፅ ሽልማት ቀደም ብሎ ተሰጥቷል።»
ምስሉ ሦስት ሰከንድ፦ መነጽር፣ ጠባብ ኮት፣
የሚንቀሳቀስ ከንፈር፣ ድምፅ የሌለበት።

ሳቄ አመለጠኝ። ማሪቴስ ዞር ብላ አየችኝ፤
«አሸነፈልህ አይደል? ምን ነካህ?» አለችኝ።
አሸነፈ እንጂ! በድምፅ ብልጫ!
ስንት ድምፅ ሰጪ ድምፁን ለድምፅ ሰጥቶ፣
የድምፁ ሰው ወረደ፣ ድምፁ ተዘግቶ።

ንዴቴን ላጣጥም ስል አንድ ነገር ነከሰኝ፤
ሦስቱን ጊዜ፣ ፊልሙ አልቆ፣ ስሙ ከታች ወደ ላይ ሲያልፍ፣
እኔ የት ነበርኩ?
ቁልፌን ስፈልግ፣ ጃኬቴን ስቆልፍ፣
የአውቶቡሱን ሰዓት ሳሰላ፣
ከሰው ቀድሜ መውጫው ጋ ልደርስ።
አራተኛውንማ ዓይኔ ተጨፍኖ ነበር።
ከኪሴ አወጣሁት፣ ገጹን ዘረጋሁ፤
ከረጢቱ አለ፣ ዱቄቱ አለ፣ መነጽሩ አለ፤
ስሙ በተቀደደው በኩል ቀርቷል።

ትልቁ ሽልማት ሲሰጥ አላየሁም።
ከማሪቴስ ጋር አንሶላዬን ይዘን፣
ጫፍና ጫፍ ቆመን፣
እጥፍ፣ ቀረብ፣ እጥፍ።
ከጀርባችን ስንት ሰው ተነሥቶ ያጨበጭባል።

ወጣሁ። መንገዱ ባዶ።
አንድ እርምጃ፦ ከረጢቱ ተጨመቀ።
ቆምኩ፤ እሱም ቆመ፣ ትንፋሹን ዋጠ።
ሁለት፣ ሦስት፤ ተከተለኝ።
መብራቱ ሥር አንሶላዬን በረዶው ላይ አስቀመጥኩና
አጨበጨብኩለት፣
በሱፍ ጓንት፣
ምንም ሳይሰማ።