ትንሽ ዝቅ ያለ ልብ

የመጀመሪያው ክረምት፣ ከእግሬ በቀር ደሴን አላየሁም።
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጅ ላይ ይተኛል፤
ባጃጁ በቀትር መብራቱን አብርቶ
ዳገቱ ላይ እንደ ሽማግሌ ይስላል።
እኔ ተስኒም፣ የመደኒ ልጅ፣ ሐሩር ያሳደገኝ፣
ሁለት ካልሲ ደርቤ የአጥንት ስም አጠናሁ።
ሁለት መቶ ስድስት ናቸው፤
ሁሉንም ሲበርዳቸው ነው የለየኋቸው።

እትዬ ጦይባ ኪራይ ሲቀበሉ ብሩን አይቆጥሩም፤
የሚቆጥሩት እኔን ነው፤
«ቁርስ በልተሻል? ያ ቡናማ ሹራብ የት ሄደ?»
ውሃ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል፣ ያውም በሌሊት።
ዘሐራና እኔ ከቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብለን
አንዳችን ስንቀዳ አንዳችን በባትሪ ገጽ እንገልጣለን።
ስለ ኩላሊት የማውቀው ሁሉ
እስከ ዛሬ የቢጫ ጄሪካን ድምፅ አለው።

ብርዱን ለመድኩት። ውሃውንም።
መጽሐፉ ግን እንግሊዝኛ፣ በሽተኛው አማርኛ፣
እኔ በመካከል በአረብኛ የምደነግጥ!
«ይወጋኛል» ሌላ ነው፣ «ይቆረጥመኛል» ሌላ፣
«ይጠዘጥዘኛል» የሚሉት ደግሞ ማታ ማታ የሚብስ።
ሕመም እዚህ አገር ግሡ ብዙ ነው።
ከደብተሬ ጀርባ እንደ መድኃኒት ዘረዘርኳቸው፤
መጠን የላቸው፣ የሚወሰዱበት ሰዓት የላቸው።

አንዲት እናት ከኩታበር መጥተው
«ልቤን» አሉኝ፤ «ልቤን፣ ልጄ።»
ሮጥኩ። ኢሲጂውን እየገፋሁ ተመለስኩ፣
እሳቸውን በሽቦ ተበተብኳቸው።
ማሽኑ «ደህና ናቸው» አለ፣
እሳቸው «ልቤን» አሉ።
ሬዚደንቱ ሳቁን በጭምብሉ ደብቆ
ጣቱን ከጎድናቸው በታች አሳረፈ፤
«እዚህ አገር ልብ ትንሽ ዝቅ ይላል።
ጨጓራ ነው፤ ጻፊ።»
ጻፍኩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
ሆዳቸው ይባባል፣ ሆዳቸው ምስጢር ይፈጃል፣
አንጀታቸው ይራራል፣ ልባቸው ያውቃል፤
ታዲያ ጭንቅላት ምን ይሠራል? ብዬ ዘሐራን ብጠይቃት
«ለፈተና ነው» አለችና ዞራ ተኛች።

እናቴ ኔትወርክ ሲገኝ ከገዳሪፍ ትደውላለች።
ማክሰኞ ደወለች። ጎረቤት ቤታችንን አይቶታል አሉ፤
በሩን ነቅለው ወስደውታል፣ መቃኑ ግን አለ።
«መቃኑ አለ» አለችኝ ሁለት ጊዜ፣
እንደ ምሥራች።
ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ
«ሆዴ ባባ» የሚለውን በአረብኛ ፈለግሁት፤
ትክክለኛውን አጣሁ።
ሕመሜ በእናቴ ቋንቋ ስም ሳይኖረው
በእትዬ ጦይባ ቋንቋ አለቀሰ።

በማግስቱ ዙር፤ አልጋ ዐሥራ አንድ፤
አያ እንድሪስ ከተንታ፣ እግራቸው በጀሶ የታሰረ።
ደም ልቀዳ ሥራቸውን ፈለግሁ። ሳትኩ።
ደግሜ ሳትኩ።
ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።
እጄ ሲንቀጠቀጥ አዩና
ያልተወጋውን መዳፋቸውን ጭነውበት
«አብሽሪ» አሉኝ።

አብሽሪ።
አባቴ መድኃኒት ቤቱን ከፍቶ
ልጇን ላዘለች ሴት የሚላት፣ ያው ቃል፣ ያው ድምፅ ማለት ይቻላል።
እኔ ስሰደድ በሻንጣዬ አልያዝኩትም፤
ሁለት ቀሚስ፣ የሰነድ ፖስታ፣ የሞተ ስልክ ነበር የያዝኩት።
ታዲያ ማን አመጣው?
በየትኛው ሲራራ፣ በየትኛው ግመል፣
ስንት መቶ ዓመት ቀድሞኝ ደረሰ?
ቪዛ እንኳ የሚጠይቀው የለም፤
ወሎዬ ሆኖ፣ ተንታ ገብቶ፣
የሰው እግር ሲሰበር አብሮ ሆስፒታል ይመጣል።

«ይኸው ክንዴ፣ የትም አይሄድ» አሉ አያ እንድሪስ፤
«ውጊኝ እንጂ!»

በሦስተኛው መጣ።
ስማቸውን ብልቃጡ ላይ ልጽፍ
እስክሪብቶዬን ከቀኝ በኩል ጀመርኩት፤
አየሁት፣
ሰረዝኩና
እንደገና ከግራ።