መልስ

ከፒያሳ ለገሃር፣ በመጨረሻው ዙር፣
የአንድ ብር ሳንቲም በከንፈሩ ይዞ፣ ሒሳብ ሲደምር፣
ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ውሻ ነበር መሰል፤
ኖቶቹ ተበተኑ፤ ሳንቲሟ ወረደች፣ በጉሮሮው በኩል።

ስሙ ምንተስኖት፤ ዕድሜው ሃያ አንድ፤
አፉ ነው እንጀራው፣ ጩኸቱ ነው መንገድ።
አሁን ግን ዝም ብሎ፣ አንገቱን አስግጎ፣
ምራቁን በፌስታል እየተቀበለ፣
በጣቱ ያሳየኛል፦ እዚህ ጋ፣ እዚህ አለ።

«ምን አደረጋችሁ?» አልኩት ባልንጀራውን።
«ጀርባውን መታነው፤ ሙዝ አበላነው፤
ደረቅ ዳቦ አጉርሰን ውሃ አስከተልነው፤
ይወርዳል ብለን ነው።»
አልተቆጣሁትም።
እኔም በልጅነት የዓሣ አጥንት ወግቶኝ
አጎቴ በዳቦ ነበረ ያዳነኝ፤
ወይ ያዳነኝ መስሎኝ።

ጨረቃ መሰለች፣ ከአንገቱ የወጣች፣
ሙሉ፣ ነጭ፣ ክብ ሆና፣ ፎቶው ላይ ደመቀች።
«ክብ ሆና ከታየች፣ የምግብ ቧንቧው ላይ ናት፤
በአየር ቧንቧው ቢሆን፣ በጠርዟ ባየናት»
እያልኩ ለተማሪ ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም።
ዛሬ ግን

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በዚሁ አልጋ ላይ
የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሽምብራ ቆሎ።
ሽምብራ በፎቶ አይታይም።
ጀርባዋን መታን፤ ሆዷን ተጫንን፤
በመብራቱ ጫፍ ፈለግን፤ ቆንጥጠን አገኘን።
እናቷ በር ላይ፣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ
«ዶክተር፣ ወጣላት ወይ?» አለችኝ።

ወጥቶ ነበር።
የወጣው ግን አንድ ብቻ አልነበረም።

በመዳፌ ሽምብራ፣ በጉሮሮዬ ቃል፣
ቆሜ ቀረሁ። ሲስተር እልፍነሽ ናት ትከሻዋን ይዛ የወሰደቻት፤
እሷ ናት የነገረቻት።

የአራተኛው ፎቅ ቁልፍ ያለው ሰውዬ
ከቤቱ እስኪመጣ ሌሊቱ ተጋመሰ።
ምንተስኖት ተኛ። ቱቦው ገባ። መቆንጠጫው
አንዴ ሳተ፣ ሁለቴ ሳተ፣
በሦስተኛው ነከሰ።

ሲነቃ ድምፁ ሻክሮ «ዶክተር፣ ሳንቲሟን» አለኝ።
«ለመታሰቢያ ነው?»
«ኧረ! የአንዲት ሴትዮ መልስ ነው።
ብሔራዊ ጋ ልትወርድ፣ እጇን ዘርግታ ነበር።
ደግሞ አውቃታለሁ፤ ሁልጊዜ በእኛ ነው የምትሳፈር።»

አጥቤ ሰጠሁት፣ በፋሻ ጠቅልዬ።
ከታች፣ ገና ሳይነጋ፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል ሌላ ጉሮሮ፣
ምንም ያልቀረበት፣ የጠራ ከበሮ።

ደረጃውን ወረድኩ።
እናትየው እዚያው ናት፤ አግዳሚው ላይ፣
ወረቀት የሚጨርሱ ወንድሞቿን ትጠብቃለች።
እጇን አልዘረጋችም።
ጫማዬን አየች፤ ከዚያ ፊቴን አየች።
ጎኗ ተቀመጥኩ።

የእሷ መልስ አለብኝ።