ሞቱ የታተመ ልጅ

ካፒቴን ቬልን ሆይ፣ ሞትህ ታትሞ አልቋል፣
አርባ ዓመት ሆኖታል፣ መደርደሪያ ሞልቷል።
ገና ያልተጻፈው መወለድህ ነበር፤
እሱን ለእኔ ሰጡኝ፣ በገጽ፣ በድርድር።

ሽማግሌው ሀኑሽ ሲፈጥርህ ቸኩሏል፤
በሠላሳ አራትህ ከመርከብ ሰቅሎሃል፣
የግራ እጅህንም በጓንት ሸፍኗል።
እናት የለህ፣ ሰፈር የለህ፣ ጥርስ አልነቀልክ፣
ከነጢምህ ከጠፈር እንደ እንጉዳይ በቀልክ።

በአራተኛው ቅጽ ግን፣ ገጽ ሰማንያ ሦስት፣
ሞተሩ ሲያጓራ፣ መብራት ሲጠፋበት፣
አንዲት ዓረፍተ ነገር አምልጣሃለች፦
«ወንድም ነበረኝ።» ከዚያ መርከቧ ተነሣች።

ነበረኝ።
ይህች አንዲት ግሥ ናት እኔን የቀጠረችኝ።
«አለኝ» ብትል ኖሮ ሥራም አልነበረኝ።

ኦስትራቫ ይዘንባል። ትራሙ ያፏጫል።
የማሞቂያው ቱቦ ሌሊቱን ይስላል።
አምስተኛ ፎቅ ላይ መብራቴን አብርቼ፣
አባትና እናትህን ለሠርግ አብቅቼ፣
በሁለት ወር ተኩል ዘጠኝ ዓመት ሞላህ፤
ከማዕድን ሰፈር ቤት ሠራሁልህ፣
ሯጭ እግር፣ ደረቅ ሳል፣ ጨለማ መፍራት ሰጠሁህ።

ወንድምህ ስም የለው። ሀኑሽ አላወጣም።
ስም የሌለው ደግሞ በወግ አይሞትም።
ስለዚህ ወረድኩኝ፤ ከደጁ ደወል ሥር፣
ከተለጠፈው የጎረቤት ዝርዝር፣
አንዱን መረጥኩ፦ ዝቢሼክ፣ ሁለተኛ ፎቅ።
ብዙ አላውቀውም፤ ስሙ ነው የሚደምቅ።

ከዚያ ወዲህ ግን በየደረጃው አገኘዋለሁ፣
ድንች በከረጢት ይዞ፤ በር እከፍትለታለሁ፣
ዓይኑን ማየት አፍሬ ጫማውን አያለሁ።
የግራው ተረከዝ አልቋል፤ ያንንም ሰረቅሁ፣
ለወንድምህ አጠለቅሁ።

አርታኢዬ ሊብየና ሐሙስ ደወለች፤
«ጓንቱን አብራሪልኝ፣ ጠባሳውን» አለች፣
«እሳቱስ መቼ ነው? ወንድምየውስ መቼ?»
«መጣሁ፣ ደረስኩ» አልኳት፣ ስልኩን ዘግቼ።

ለሁሉ ምክንያት! ለጓንትም ምክንያት!
እጁን በርዶት ቢሆንስ? ግን ማን ይገዛል
ስለ ብርድ መጽሐፍ፣ ያውም በኅዳር ሌሊት።

ደግሞ አለ አንድ ልጅ ሀኑሽን ያላየ፣
ከእኔ የሚጀምር፣ ሟች ከኗሪ ያልለየ።
ለእሱ ሁሉ ክፍት ነው፤ ወንድምህ ያረጃል፣
አግብቶ ይወፍራል፣ ጥርሱ ያልቃል፣ ይጃጃል።
እኔና አንተ ብቻ፣ ከፍጻሜ የመጣን፣
ወደ ኋላ ስንሄድ ማወቃችን ቀጣን።

እናም አዘገየሁ። ምዕራፍ ጨመርኩ።
ምንም የማይሆንበት አንድ ቀን ፈጠርኩ።
የዛገ ፓምፕ ነበር ከቤታችሁ ጓሮ፤
ዝቢሼክ ፈታታው፣ በመፍቻ ቆርቁሮ፤
አንተ ብሎኖቹን በቆብህ ያዝክለት፣
አንዱ ጠፋባችሁ፤ እስኪመሽ ድረስ
ፈለጋችሁት፣ እየዳሃችሁ በጉልበት።
አላገኛችሁትም። ፓምፑም አልሠራ።
ሳቃችሁ። መሸ። ሌላ ምን ላውራ?

ሊብየና ሰረዘችው፦ «ታሪኩ አይራመድም።»
መለስኩት። ሰረዘች። መለስኩት ዳግም።

ትናንት ከደረጃው ዝቢሼክ ቆመና
«ስሜ መጽሐፍ ገባ አሉ፣ እውነት ነው?» አለና
ድንቹን አስቀመጠ። «ጀግና ነኝ?» «የጀግና
ወንድም» አልኩት። ፊቱ በርቶ ጉንጩ ቀላ፤
«ብዙ እኖራለሁ ወይ?» አለ ከዚያ ኋላ።

ካፒቴን፣ ምን ልበለው? ገጹን አውቀዋለሁ፣
እሳቱ ከየት እንደሚነሣ፣ እጅህ
ምን ያህል ተዘርግቶ እንደሚቀር አውቃለሁ።
«ፓምፕ ስትጠግን ነው የተውኩህ» አልኩት፣
«ብሎን ጠፍቶብሃል፣ ገና አላገኘኸውም፣ መሽቶበት።»

የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ ኮስተር ብሎ አየኝ፦
«ቁጥሩን ንገሪኝ እንጂ፤ ሳጥን ሙሉ አለኝ።»