ልውውጥ

እናቴ አራዳ ገበያ ሽምብራ ትሰፍራለች፤
ልውውጥ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች።
ሁለት ማኅተም ያረፈበትን፣
ማራኪ ሬጅስትራር ደጅ ስድስት ቀን ያቆመኝን
ደብዳቤ ከፍቼ ባነብላት፣
«ለአንድ መንፈቅ፣ ወደ ፓዶቫ፣ በተማሪ ልውውጥ» ብላት፣
ከሰፌዱ ቀና አለችና
«ደግ» አለች፤ «አንቺን ሰጠን። እነሱስ? በእንቅብ ነው በቁና?
ማንን ልከው? መቼ ልከው? ወይስ በዱቤ ሰጠንሽ?
ዱቤን አውቀዋለሁ ልጄ፤ አንዴ ከወጣሽ ወጣሽ።»
ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም፤
ቅጹን ገለባበጥሁት፤ ስለ ምላሹ አይልም።

ፓዶቫ በኅዳር ጉም ናት፤ ድልድዩም ወንዙም አይታይ፣
ሰው ድንገት ካጠገቤ ይበቅላል፣ ጃንጥላ ይዞ፣ እንደ እንጉዳይ።
በመጀመሪያው ቀን ጠፍቼ አንድ ሽማግሌ አስቁሜ
«ፒያሳ የት ነው?» አልሁት፣ እንደ አገሬ ሰው፣ ተሳልሜ።
«የትኛው?» አለኝ።
የትኛው ይባላል ደግሞ?
እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ ፖስታ ቤቱ ያለበት፣
የታክሲ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «አዘዞ! አዘዞ!» የሚልበት።
ለካ የወል ስም ነው ጥለውልን የሄዱት፣ ከቢጫ ግንቦች ጋር፤
እኛ የተጸውዖ አደረግነው፣ የአንድ ሰፈር፣ የአንድ አገር።

ማደሪያዬ ሦስተኛ ፎቅ።
አንድ ሌሊት ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል ሰምቼ ነቃሁ።
ቸቸላ ቢሆን ይህ ድምፅ ሰፈር ይቀሰቅሳል፤
«መጣ! መጣ!» ይባላል፣ በርሜል ከበርሜል ይጋጫል፤
በአሥራ ሰባት ቀኑ የመጣ እንግዳ በባዶ ዕቃ ይሸኛል?
እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሣ።
ድስቱን ሞላሁ፣ ብርጭቆውን፣ የጭማቂ ጠርሙሱን፣
አበባው የደረቀበትን ማሰሮ፣ የሻይ ማፍያ ክዳኑን።
ጠዋት ዶሮቴያ ከክፍሏ ወጥታ፣
ወለሉን በውሃ ተሰልፎ አይታ፣
«ምን ተፈጠረ?» አለችኝ።
«ምንም» አልኋት። እውነቴን ነው፤ ውሃው አልሄደም።
ያስለቀሰኝም አለመሄዱ።

በመጋቢት ወንድሜ ይርጋ ደወለ። «ምላሽሽ መጣች» አለኝ።
«የምን ምላሽ?»
«ያንቺ ነዋ! ኤሊዛ የምትባል፣ ከዚያው አንቺ ካለሽበት፤
የጋሪ ፈረስ ቁስል ታጠናለች። ዶርሙ አልጋ ቢታጣበት
እማ ወደ ቤት አመጣቻት፤
ስሟ ለአፏ አልመች ቢል እሌኒ ብላ ጠራቻት።
ያንቺ አልጋ ላይ ነው የምትተኛ። ማታ ውሻ ትፈራለች፤
ውሃ ሲመጣ ግን ከእማ እኩል ትነሣለች።»
ከኋላው የእናቴ ድምፅ መጣ፦ «ስፍሩ ሞልቷል በላት!»
ስልኩን ዘግቼ መስኮቱ ጋ ቆምሁ። ቀናሁ፤ አልዋሽም፤
በአልጋዬ አይደለም፣ በዚያች ትንሽ ስም።
እኔን እዚህ «ቲሪንጎ» ይሉኛል፤
ትርንጎ ምን እንደሆነ፣ ልጣጩ እንዴት እንደሚሸት፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሐምሌ ሲገባ ተመለስሁ። አዘዞ ላይ ዝናብ ተቀበለኝ።
ኤሊዛ ሄዳለች፤ በሳምንት ተላለፍን።
ትራሴ በሌላ ራስ ልክ ጎድጉዷል። ግድግዳው ላይ፣ በእርሳስ፣
ገና እንደተወለደ ጥጃ በሚንገዳገድ ፊደል
«ውሐ መጣ» ይላል፤ በሐመሩ ሐ።
አላረምሁትም።

የዚያኑ ሌሊት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በሃያ አንድ ቀኑ
ውሃ መጣ።
ቧንቧው ሲያስነጥስ፣ ጎረቤት ሲጠራራ፣ በርሜል ሲጋጭ
እኔ ተኝቻለሁ።
ጠዋት ዕቃው ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የእናቴ ቀሚስ ጫፉ ርሷል።
«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»
ሽምብራዋን እየቋጠረች፣ ፊቷን ሳታዞር፣
«እሌኒን ቀስቅሼያት አላውቅም» አለችና
ወደ አራዳ ወረደች።