ቱንቢ

መስቀል በዋለ ማግስት፣ ጭቃው ሲጠነክር፣
እንዲህ ነው ልማዳችን በመሐል ሜዳ አገር፤
መጋዝ ሰቅለን፣ መዶሻ ጥለን፣ ጋቢ ደርበን፣
የሠራነውን ቤት ልናይ እንወጣለን።

ግንበኛው ጥላዬ፣ ጣሪያ መቺው ሸዋታጠቅ፣
ለሳኟ ምትኬ፣ በሳቋ የምትታወቅ፣
አራተኛው እኔ፣ አናጢው፤ ይኸው ነው ማኅበራችን።
ሰው ዘመድ ሲጠይቅ፣ ግድግዳ ነው ጥየቃችን።

አንዱ የማዕዘን ድንጋይ በመዳፉ ይደባብሳል፣
አንዱ ጣሪያ ስር ገብቶ ሽቅብ ያንጋጥጣል፤
"ይቺን ጥርብ ሳስቀምጥ ሦስት ቀን ፈጀሁባት፤
በመርፌ ሞክሯት" ይላል። በዐይኔ ሞከርኋት፤ እውነትም ቀዳዳ የላት።
ሸዋታጠቅ ቆርቆሮውን በጣቱ አንኳኩቶ፣
እንደ ሐኪም ያዳምጣል ጆሮውን ሰጥቶ፤
"ሁለት ክረምት አልፎታል፣ ጠብታ አልገባ!"
ምትኬ ደግሞ "ይህን ጭቃ ሳቦካ እግሬ ደም አነባ።"

በየደጃፉ ጠላ ይቀርባል፣ ምስጋና ይፈሳል፤
የኔ ሆድ ግን እየቀረብን ስንሄድ ይብሳል።
በመጨረሻ፣ ከመንደሩ ጫፍ፣
የወይዘሮ እንጉዳይ ቤት አለ፤ እዚያም የኔ ደጃፍ።

ሦስት ዓመቱ። ሰርግ ነበረባት፣ ልጇን ልትድር፤
"ቶሎ! ቶሎ!" አለችኝ፤ እኔም እሺ ስል፣ ብር ስቆጥር፣
እርጥብ ባሕር ዛፍ ሰነጠቅሁ፣ ከልጡ ውሃ የሚንጠባጠብ፤
ሳይደርቅ መላጊያ ሰጠሁት፤ እንጨት አይናገርም ብዬ፤ ማን ሊያስብ።

በሰርጉ ቀን በሩ ተዘጋ፤ በክረምቱ አበጠ፤
በበጋ ደግሞ ተኮማትሮ በጎኑ አፈጠጠ።
ከጓሳ የሚነሳው ነፋስ ያንን ስንጥቅ አገኘ፤
ሌሊት ሌሊት ያፏጫል አሉ፣ እንደ ልማደኛ እየጎበኘ።

እንጉዳይ አልወቀሰችኝም። ስንጥቁን በጨርቅ ወተፈች፣
ገበያ ስታገኘኝ "እንደምን ዋልህ" እያለች አለፈች።
ስድብ ይሻል ነበር፤ ስድብ መልስ አለው፤
ሰላምታን ግን ይዞ ማደር ነው።

ዘንድሮም ደረስን። ጨርቁ አለ፤ ቀለሙ ለቋል፤
ምትኬ እንኳ አልሳቀችም፤ ሁሉም እኔን ይጠብቃል።
"እርጥብ ነበር" አልሁ፤ "እርጥብ መሆኑን አውቄ ነው የሠራሁት፤
ባለማወቅ ቢሆን መልካም፤ በስስት ነው ያበላሸሁት።"

ጥላዬ ዝም ብሎ ኪሱን ዳበሰ፤ ቱንቢውን አወጣ።
ከመቃኑ ራስ ክሩን ለቀቀ፤ ብረቱ ተወዛወዘ፣ ቆመ፤ ጉዱ ወጣ።
ክሩ ከላይ ግንቡን ነክቶ ከታች ሦስት ጣት ይርቃል፤
"መሠረቱን አሳጥሬው ነበር" አለ፤ "ሦስት ዓመት ልቤ ያውቃል።
አለቱ ጋ ሳልደርስ ቆምሁ፤ ጥቁር አፈር ላይ ገነባሁ፤
ሰዉ በርህን ሲያማ፣ ከበርህ ኋላ ገባሁ።"

ልቆጣ አሰብሁ፤ ቁጣዬ ግን ደፉን መሻገር አቃተው፤
የኔ እርጥብ፣ የሱ ስምጥ፤ ሁለት ስንፍና ተደጋግፎ ነው ቤቱን ያቆመው።

እንጉዳይ ከጓዳ ብቅ አለች ኩራዝ ይዛ፣ መሽቶ፤
"ንስሐ ከሆነ ቄስ ጋ፤ ሥራ ከሆነ ግን በሩ ይኸው፣ አፉን ከፍቶ።"

በማግስቱ ሸዋታጠቅ ግንቡን በሦስት ባላ ደገፈ፤
ጥላዬ አለቱ እስኪያቃጭል ቆፈረ፤ ጥቁሩን አፈር አለፈ።
እኔም ጥዱን አወረድሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ከቆጥ ያደረውን፤
ለራሴ ሣጥን ነበር፤ ሌላ እፈልጋለሁ ለዚያ ቀን።
መላጊያው ሲሄድበት ፍቅፋቂው እንደ ሪባን ተጠቀለለ፣
ሽታው ከአጥር አልፎ መንገደኛ አስቆመ፣ "ምን ተገኘ?" አስባለ።

በአምስተኛው ቀን ማታ በሩን ገፋሁት። ገጠመ።
ያ ፉጨት ቆመ።
እንጉዳይ ጨርቁን አጣጥፋ ከሣጥኗ ከተተች፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሷም አልተናገረች።

ምትኬ ልስኗን አየች፣ ግንቡ ሲነሳ የተሰነጠቀውን፤
"እናንተስ ታረቃችሁ" አለች፤ "ማን ሊከፍለኝ ነው የዚህን?"
ሳቀች።
ጥላዬ ጭድ ሊያመጣ ወጣ፤
እኔ እግሬን ታጥቤ ጭቃው ውስጥ ገባሁ።